ውሃው ሲናወጥ

ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከአንድ ጸሎት ቤት ነው፤
ቤተ ሳይዳ ይሏታል፣ ዌልስ ውስጥ፣ ከተራራው ሥር ያለችው።
ድንጋይ በስስ እየሰነጠቅን ለዓለም ጣሪያ ያለበስን፣
ዝናቡን ግን ከራሳችን አናት ያላራቅን።

ቤቴም ያው ድንጋይ ነው፤ ግድግዳው ክንድ ከስንዝር፤
ዋይፋይ እንደ ዓይናፋር እንግዳ ደጃፉ ላይ የሚቀር።
ራውተሩ ምድር ቤት ነው፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ፣
ዘጠኝ ዓመት አረንጓዴ ዓይኑን ሲያርገበግብ የሚታይ።
ልጄ ሉነድ ጣሪያ ሥር ናት፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
የማታውቀውን ሰው ሒሳብ ቀኑን ሙሉ ስታስታርቅ።

በመካከላችን ያለው የመብራት ሽቦ ነው፤
በሁለት ነጭ ሳጥን፣ ከሶኬት ሶኬት፣ ቃል የሚያመላልሰው።
አንድ ጠባብ መንገድ፣ ሁለት መንገደኛ ያለበት፤
ኤሌክትሪክ በጉልበት፣ ወሬ በሹክሹክታ የሚሄዱበት።

ማፍሊያው ውስጥ ውሃው ሲናወጥ ግን ጉልበተኛው ይጮኻል፤
ሹክሹክታው ይዋጣል፤
ከላይ ድምፅ ይመጣል፦
«አባዬ! እንደገና ጠፋ!»
ሻዬ ሳይቀዳ የልጄ ፊት ከፋ።

ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋን፤
እሷ «አዲስ»፣ እኔ «ዋጋ» ስንባባል ምሳ ረሳን።
ራውተሩ መቶ አርባ ፓውንድ፣ ሳጥኖቹ ጥንዱ ሰማንያ፤
ካርቶኑ ላይ ያለው ፍጥነት የፋብሪካ ነው፤ የቤቴ ሽቦ ሌላ ገበያ።
የዘረጋው አጎቴ ሄድዊን ነው፣ በስልሳ ስምንት፣
ሁለት በግና አንድ የመኪና ጎማ ተቀብሎ፣ በአንድ ሳምንት።
«ለአሮጌ ጎዳና» አልኳት «ፈጣን ፈረስ ምን ሊረባ?
ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ከሆነ፣ እሱስ ተደናቅፎ ላይገባ?»
«መንገዱን ነው የምትወቅሰው፣ ያረጀ በቅሎ ይዘህ?
ኮሌጅ ስገባ የገዛኸው ነው፤ ለምን አይደክመውም ብለህ?»

እሑድ ጸሎት ቤት ሄድኩ። ሰባኪዋ አነበበች የመጻጉዕን፣
በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት የሚያስገባው ሰው ያጣውን።
ሌላው ስለ እምነት ያስብ ይሆናል፤ እኔን ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣
«የቱ ጋ ነው የተኛው?» የሚል ጥያቄ ያዘኝ።
በሽተኛስ ነበር፤ ግን ደግሞ ቦታው!
ከውሃው መራቁ ነበር ሁለተኛው ደዌው።

ቤት ገባሁ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ተንበርክኬ፣
ከሳህን መደርደሪያው ኋላ ተሳብኩ፣ ሸረሪቷን ይቅርታ ጠይቄ።
ነጩ ሳጥን ከማፍሊያው፣ ከማሞቂያው፣ ከስልክ ቻርጀር ጋር
በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ተጋፍቶ ተኝቷል፣ እንደ ለማኝ መንገድ ዳር።
ማን አስተኛው? እኔ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ለዓሣ ገንዳው መብራት ቦታ ስፈልግለት።
ዓሦቹም ሞቱ፤ መብራቱም የለ፤
እሱ ግን እዚያው እንዳለ።

«ተነሥ» አልኩት፣ «ገመድህን ተሸክመህ ሂድ!»
ግድግዳው ላይ ሰካሁት፣ ቀጥታ፣ ያለ ዘመድ።

ሉነድ ፍጥነቱን ለካች። ትናንት ዘጠኝ ነበር።
ሠላሳ ስምንት ቢል ኖሮ፣ ወጥቼ ተአምር ልናገር።
ሠላሳ ሰባት አለ።
ደግነቱ ይህ ነው፤ የቀረችው አንዷ ከእብደት አዳነችኝ።
እሷ ግን አልተረታችም፣ ደረጃው ላይ ቆማ አየችኝ፦
«ሳጥኖቹ ይቆዩ። ራውተሩን ግን ሠሪው ራሱ ትቶታል፤
ከሁለት ዓመት ወዲህ ጥበቃ አልላከለትም፤ በሩ ክፍት አድሯል።»
ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሰማንያው ላይ ሰረዝ አደረግሁ፤
መቶ አርባው ጎን «ጡረታ ሲገባ» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ማፍሊያውን ሞላሁት፣ ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ።
ተጫንኩት። ቆምኩ፣ ዓይኔ ጣሪያው ላይ።
ውሃው ተናወጠ፤ ጠቅ ብሎ ጠፋ። ከደረጃው በኩል ኮቴ ጠበቅሁ፤
ሁለት ኩባያ አውጥቼ
አንዱን ብቻ ጠጣሁ።