በአንበሳው ሆድ ሥር

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው ሱቄ፤
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ሚዛኔ ይንቀጠቀጣል ከነወርቄ።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ልጅ ገባች፣ ጃንጥላዋ ውኃ እያንጠባጠበ፤
የመሐረቧን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች።
«ወርቅ ነው» አለች።
አውቃለሁ። ወርቅ መስታወት ላይ ሲቀመጥ
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

የዱሮ ነው። በአንድ ፊቱ ንጉሥ፣ በሌላው አንበሳ፤
ጠርዙ ላይ የማንጠልጠያ ጠባሳ፤
ቀዳዳው በርካሽ ካራት ተደፍኖ
እንደ ጥርስ ሙሌት ገርጥቶ፣ ባይተዋር ሆኖ።

ሰብሳቢዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ በጓንት ነው የሚነኩት፤
ፀጉር የሚያህል ጭረት ካዩበት እንደ ለምጻም ነው የሚሸሹት።
ንጹሑ እነሱ ቤት ሄዶ ቬልቬት ላይ ይተኛል፤
የቆሰለው እኔ እሳት ላይ፣ በግራም ተቆጥሮ ይቀልጣል።

አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ።
ከንጉሡ ጉንጭ እስከ ጆሮው የሄደ ጭረት አየሁ፤
ጣቴ በረደው። አወቅኩት።
እንደ ፊርማዬ ነው የማውቀው፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው የፈረምኩት።

አባቴ አንጥረኛ ነበር።
ሰፈሩ በቀን ቡዳ ይለዋል፣ ልጆቹን ከዓይኑ ያርቃል፤
ሲመሽ ያው ሰፈር፣ በነጠላው ሥር ሸሽጎ፣ ወርቁን አምጥቶ ይሰጠዋል።
ደብሪቱ፣ የጨርቃጨርቁ ፋብሪካ ፈታይ፣
ብናኝ ጥጥ ከሽፋሽፍቷ የማይለይ፣
የእናቷን ወርቅ አንገቷ ላይ ልታስር መጣች አንድ ቅዳሜ፤
አባቴ ወናፍ ሲነፋ፣ እኔ መቅረጫውን ይዤ ቆሜ፣
«ላግዝህ» ስል ብረቱ ከእጄ አመለጠ፤
የንጉሡን ጉንጭ ቧጠጠ።

አባቴ አልመታኝም። «እጄ ከዳኝ» አላት፣ እኔን ሳያይ።
አገላበጠችው። ዝም አለች።
«እንግዲያስ አንበሳው ይሁና፣ ወደ ውጭ የሚታይ።»
እንዲሁ ሆነ። ንጉሡ ደረቷ ላይ ተደፍቶ ኖረ፣ አርባ ዓመት ላቧን ሲጠጣ፤
የእኔ ጥፋት ቀሚሷ ሥር፣ አንድ ቀን ከአፏ ሳይወጣ።

«ምነው ዝም አሉ? ፎርጅድ ነው?» አለች ልጅቷ።
«አይደለም» ብዬ ገለበጥኩት።
አንበሳው ሆድ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ መሐል፣
በመርፌ የተጫረ፣ ጤፍ የሚያህል፣
አንድ ፊደል፦ ደ።
አንድ እግሯ አጥሮ፣ ወገቧ ተንጋዶ።

መነጽሩን ሰጠኋት። ግንባሯ ባንኮኒውን ነካ።
«አያቴ እኮ መጻፍ አትችልም ነበር፣
በጣቷ ነበር የምትፈርመው።»
ነገርኳት፦ የመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ፋብሪካው ግቢ፣ ከሁለተኛው ፈረቃ በኋላ፣
እናቶች ሲያንቀላፉ፣ ጠመኔ በጣታቸው እንደያዙ።
«ስሟን ሳትጨርስ ያቋረጠች ይመስለኛል» አልኩ፤
«የመጀመሪያዋን ግን ይዛት ሄዳለች።»

ልጅቷ አየች። ቆየች።
ከዚያ እንደ ገበያ ሰው ጉሮሮዋን ጠርጋ፣
«ይቺ ፊደል ስንት ትቀንሳለች ከዋጋ?»

ምን ልበላት? የሐኪም ቤቱ ወረቀት ከቦርሳዋ ጫፍ ወጥቷል፤
«ጭረቱ የእኔ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ሥር እንደ አሸዋ ተቀምጧል።
አልተናገርኩም። አርባ ስድስት ዓመት የታመቀ ነገር
በአንድ ዝናባም ሐሙስ ባንኮኒ ላይ አይነገር።

ሚዛኑ ላይ አኖርኩት። ቁጥሩን አልጻፍኩም።
«ምን እየጠበቁ ነው?»
«ይርጋ» አልኳት። ዋሸሁ።
በድልድዩ በኩል ሲኖትራክ መጣ፣ ሲሚንቶ ጭኖ፣ መሬቱን እያንቀጠቀጠ፤
ቁጥሩ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፤
በጣም ከፍ ያለባት ቅጽበት ላይ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ረገጠ።

ወርቁን አላቀለጥኩትም። መሳቢያዬ ጥግ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አኖርኩት፤
አንበሳውን ወደ ላይ አድርጌ
ንጉሡን ደፋሁት።