ስልከኛዋ

ከጣርማበር በታች፣ ጉም በሚያድርበት፣
ደብረ ሲና ነበር የስልክ ማዞሪያ ቤት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጥኩበት።

አርባ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሰሌዳ፣
በአንዱ ሐዘንተኛ፣ በአንዱ ባለዕዳ፤
ገመዱን ስሰካ ይመጣል ድምፃቸው፣
በእኔ ጆሮ አልፎ ነው መገናኛቸው።

ደንቡ «አትስሚ» ይላል፤ ሥራው ደግሞ «ስሚ፣
መስመሩ እንዳይበጠስ ነቅተሽ ተሸከሚ።»
ሰማሁ። ምን እዋሻለሁ። ክረምት ከበጋ፣
የገብሱን፣ የባቄላውን፣ የሙክቱን ዋጋ፣
የሙሽሮች ቀጠሮ፣ የመርዶ ሰዓት፣
ባለቤቱ ሳይሰማ የሰማሁትን ሞት።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከመሐል ሜዳ፣
አርጋው ይደውላል፣ ድምፁ እንደ እንግዳ።
«ሸዋረጋ፣ በጉ እንዴት ነው?» ይላታል፤
«ብርዱ አስቸገረው እንጂ፣ ደህና ይበላል።»
በግ የላትም። አውቃለሁ። ጎረቤቴ ናት፤
የአርጋው ልጅ ነው፣ ከሆቴሏ ጓዳ፣
ከዱቄት ጆንያ ኋላ የሚያድርላት።
ሰሙ በሽቦ ላይ፣ ወርቁ በልባቸው፤
እኔ ግን መሐል ነኝ፤ ቀለጠ ሰማቸው።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ፣
ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ሲጋራ አወጣ።
«ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ምን ያወራል ያ ሰው?»
«በግ ነው» አልኩት።
                    «ምን ዓይነት በግ?»
                                        «ብርድ የመታው።»
«ዕድሜው ስንት ነው በጉ?» አለና ሳቀብኝ።
«ጥርሱን አላየሁም» አልኩት፤ እጄ ራደብኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ አርጋው ገና «በጉ...» ሲል
ገመዱን ነቀልኩት።
«መስመር ተበላሽቷል።»
ሌላ ምን ቁልፍ ነበረኝ?

ዛሬ የልጅ ልጄ ኪሩቤል ስልኩን ያሳየኛል፤
«ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቆልፏል፣ ማንስ ይሰማናል?
ቴሌም ቢሆን አይሰማ፣ የሠራውም አይሰማ፤
መሐል ላይ ሰው የለም፣ እማማ።»

ጥሩ ነው፣ አልኩት። እጁ አይንቀጠቀጥ።
ግን ሊቀመንበሩ መጥቶ ፊቱ ሲቀመጥ፣
ወንበር ስቦ፣ ሲጋራውን ለኩሶ ሲጠይቅ፣
ቁልፉ መዋሸት ያውቃል? ወይስ ዝም ብሎ መድረቅ?

ኪሩቤል ሳቀ። ሻዩን ጠጣ፣ ሄደ።

በጉ ዛሬ ሸብቷል። እሑድ ገበያ ላይ
ባርኔጣውን አንስቶ «እንደምን አሉ» ይለኛል፤
አያውቅም።
ግራ ጆሮዬ ብቻ፣ ማዳመጫው የተኛበት፣
ጉም ከጣርማበር ሲወርድ
እስካሁን ያመኛል።