በየሃያ ደቂቃው

ትናንት የፎገራ ሩዝ ብቻ፣ ያለ ወጥ፣ ያለ በርበሬ፤
ከምሽቱ አንድ ሰዓት ወዲህ ውሃ ብቻ እስከ ዛሬ።
ሽሮ አልነካሁም፣ ባቄላ አልቀመስሁም፤
የሐኪም ጾም ነውና ቄስ አላማከርሁም።

ከሐይቁ ዳር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ይብራ የሚያሳይ፣
ሦስት ወንበር፣ አንድ ትንሽ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ።
ይርሳው የሚባል ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
ጣፋጭ ውሃ በጠበጠ፣ ሰዓቱን አየና፦
"መጀመሪያ ይንፉ። ከዚያ ይጠጡት።"
"መርፌስ?" "የለም።" "ደምስ?" "የለም።
ትንፋሽዎ ይበቃል፣ ሌላ አንፈልግም።"

በባዶ ሆድ፦ አራት።

ሦስት ዓመት አለፈው ሆዴ ከተነፋ፤
ጧት ጋብ ይላል፣ ከምሳ በኋላ የቀሚሴ ዚፕ እስኪለፋ።
ወደብ ላይ ቲኬት ስቆርጥ የዘጌ መንገደኛ
መልሱን ይቆጥርና፣ አይቶኝ እንደ ዳኛ፣
"ማርያም በሽልም ታውጣሽ!" ይለኛል።
አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። አሜን እላለሁ።
አይደለም ካልሁ ሰልፉ ይረዝማል።

ሃያ ደቂቃ፦ ሰባት።

ጃርዲያ ተባልሁ፤ ዋጥሁ። አሜባ ተባልሁ፤ ዋጥሁ።
ጨጓራ ሲሉኝ ደግሞ ነጩን ፈሳሽ ጠጣሁ።
ምች ነው ላለችኝም ዳማከሴ አሸተትሁ።
የመጨረሻው ሐኪም ካርዴን ሳይገልጥ "ሐሳብ ነው" አለኝ፤
ሐሳብ ዚፕ ይበጥሳል ወይ? ልል ስል፣ ባለተራው ቀደመኝ።

"ሆድ ይፍጀው" እያሉ ያሳደጉኝ ሰዎች
ሆድ ምን እንደሚፈጅ አልነገሩኝም፤
"ሆደ ሰፊ ናት" ሲሉኝ፣ እኔ በየዓመቱ
ቀሚሴን በሁለት ጣት ከማስፋት አልቦዘንሁም።

ይርሳው በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ አንጀት ሣለልኝ፦
"ትል አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው።
ታች፣ በትልቁ አንጀት፣ ባለአገር ነው፣ ይኑር።
ወደ ቀጭኑ ወጥቶ ሲሰፍር ግን
ምግብዎን ከእርስዎ ቀድሞ ይቀምሳል።
ጋዙ በደም ይሄዳል፣ በሳንባ ይወጣል።
የሰው ገላ ሃይድሮጅን አይሠራም፤
ከተገኘ የእነሱ ነው።"
ወደ ሐይቁ ዞረ። እምቦጩን ሊጠቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤
አልጠቀሰም። እኔም ዝም አልሁ።
ስንት ቅዳሜ ጭቃ ውስጥ ቆመን ነቅለነው፣
ሰኞ ጀልባው ሲወጣ ያው እዚያው ነው።

አርባ ደቂቃ፦ ሠላሳ አንድ።

ቁጥሩን ደግሞ አየው። "ቶሎ መጣ" አለ፣
"ትልቁ አንጀት ሳይደርስ።"
የአራት ሰዓቱ ጀልባ ጮኸ፤
ዛሬ ባንችአየሁ ናት በኔ ወንበር።

ስልሳ፦ አርባ ስምንት።

"እንኳን ደስ አለዎት" አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው፤
ለበሽታ አይባልማ። እኔ ግን አለቀስሁ፦
ሦስት ዓመት ሆዴ የያዘውን ትንፋሼ መሰከረው።
ወረቀቱን አጥፌ ከቲኬት ጥራዙ መሐል ሸጎጥሁ።

ደረጃው ላይ አንዲት አሮጊት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣
"ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አሉኝ።
"ሽል አይደለም እናቴ" አልሁ፤ "ሃይድሮጅን ነው።"
ቆም ብለው አሰቡ።
"ስሙ ያምራል" አሉ፣ "ይደግልሽ።"