ዓመት ሞላ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አውቶፓርኮ ሰፈር፣
እንየው ጋራዥ ደጅ፣ ከአሮጌው ጥድ ሥር፣
ቦኔቱ ተከፍቶ እንደ ታማሚ አፍ፣
ተራ ስንጠብቅ አራት ሰው በሰልፍ፣
ሰጠኝ ስልኩን አውጥቶ «እዩልኝማ» አለን፤
የመጪውን ዓመት ሞዴል አሳየን።

«ሞላው ተለውጧል፤ ሌላ ነው አሠራሩ፤
ዘይት አያነባም አሞርዛተሩ፤
ጉድጓድ ቢገባ እንኳ፣ ይላሉ የሞከሩ፣
ዳሽቦርዱ ላይ ውኃ በብርጭቆ ቢቀመጥ
ጠብ አይልም።»

ውኃ በብርጭቆ!
እኛ በጀሪካን፣ ክዳኑን በላስቲክ ጠፍረን፣
ከቀሃ ማራኪ እስክንወጣ ድረስ
ግማሹን ለወንበር፣ ግማሹን ለሱሪ ያጠጣን፣
ዝም አልን።
በዝምታው መሃል አንድ ባጃጅ አለፈች፣
እያንዳንዱ ብሎኗ ስሟን እየጠራች።

ወይዘሮ ሻሽቱ ከፒካፗ ወርዳ
አስኳል ያጣበቀው ደብተር ገለጠች።
«ከቆላ ድባ እስከ ቅዳሜ ገበያ
አሥራ አንድ እንቁላል፣ ይሄ ነው ግብሬ፤
ጨምሮም ቀንሶም አያውቅ፤ ጽፌዋለሁ ቆጥሬ።
አሁን በዚህ ሞላ፣ በሳምንት ሦስት ምልልስ...»
ቀሪውን በጣቷ አሰላችው፤ ጣት አለቀባት፤
የሰጠኝን ጣት ተበደረች።

መምህር ዘለቀ፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ያረጀ፣
በአንድ እጁ ወገቡን፣ በአንድ እጁ ላዳውን ደግፎ፣
«መኪናውስ ይሁን፣ ዓመት ተጽፎለታል፤
መንገዱ ግን የስንት ሞዴል ይባላል?»
አለና ሳቀ። ሲስቅ ወገቡን አመመው።

ከመኪና ሆድ ሥር፣ ሁለት ጫማ ብቻ ከሚታይበት፣
የእንየው ድምፅ መጣ፦
«ሒሳቡ ቀላል ነው። የፈረንጅ ዘመን
በሰባት ይቀድመናል፣ ሲብስበት በስምንት።
ያ መኪና እዚያው ይነዳል ሰባት ዓመት፤
ባል ይነዳዋል፣ ሚስት ትነዳዋለች፣
ልጃቸው ወንበሩ ሥር ማስቲካ ትለጥፋለች፤
ከዚያ በመርከብ፣ በጅቡቲ፣ ቀረጥ ተቆልሎበት
እዚህ ደጅ ሲቆም፣ ቁጥሩን ከኛ ካላንደር ጋር ብታስተያዩት
የዘንድሮ ሞዴል! ቀኑን ጠብቆ የመጣ!
ሞላው ግን...»
መፍቻው ደረቱ ላይ ወደቀበት፤
ቀሪውን በእርግማን ጨረሰው።

ተሳሳቅን። ስልኩን ግን ማንም አልመለሰለትም።
ሰጠኝ ብቻ አልሳቀም።
አምና በሐምሌ፣ ሌሊት፣ ሚስቱን ሆስፒታል ሲያደርስ
አንድ እጁ መሪ ላይ ነበር፣ አንድ እጁ ሆዷ ላይ፤
ኮብልስቶኑን ድንጋይ በድንጋይ ይቅርታ እየጠየቀ
ከጨጨላ የወረደ ሰው ነው።
ዘንድሮም ሰባተኛ ወሯ ገብቷል።
እስከዚያ እንደማይደርስ ያውቃል፤ ፎቶውን ያያል።

እኔም ወረፋዬ ደረሰ።
«ዓመት ሞላ» ይላል ሰው፣ ዓመቱ ሲያልቅለት፤
የኔ ሞላ ዓመት ሳይሞላ ተሰበረ።
እንየው በየደው። «ለመስከረም ያደርስሃል» አለኝ፣
የትኛው መስከረም እንደሆነ ሳይነግረኝ።

ሲመሽ ወደ ቤት ነዳሁ። ልጄ ማስተዋል
የጋራዡን ድመት ስታባርር ውላ
ከኋላ ወንበር ተኝታለች።
ሳሙና በር ጋ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት፣ ያ ጉድጓድ አለ፤
ክረምት በክረምት የሚሰፋ፣ አባቴም የሰደበው።
ዝግ አልኩ። በአንደኛ ማርሽ፣ በግራ ጎማ፣
እንደ ጓዳ ደረጃ በጨለማ ረገጥኩት።
ጓ! አለ።
ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች፣
«ደረስን?» አለች።

«ደረስን» አልኳት።
ያን ፎቶ ማታውን ልኮልኛል ሰጠኝ።
አላጠፋሁትም።