የሱዩንበክ ገመድ

ለሚዘንበው፣ ለሚጋገረው፣ መቶ ዓመት ተኝቶ ለሚያድረው፣
ቋንቋዬ አንድ «በረዶ» አለው፤ ለሁሉም እሱን ነው የሚያበድረው።
አመዳይ አለ፣ ውርጭ አለ፤ እነሱ ግን እንግዶች ናቸው፣
ሌሊት ይመጣሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል ዱካቸው።
ስለዚህ ያናርኩልን ነገር ሳወራ ቃል ቢያጥረኝ አትፍረዱ፤
ዐርባ ዓመት ነው የሷ መንገድ፣ ቲየንሻን ላይ ነው በረዱ።

ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር ጣቢያው ስትደርስ በፈረስ፣
ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ደብተር፣ ቴርሞሜትር፣ የሱፍ ልብስ።
አለቃው አርካዲ ሊቮቪች፣ ጢሙ ላይ ትንፋሹ ረግቶ፣
ሰባት የቀርከሃ ዘንግ አስታቀፋት፣ ሰላም ማለቱን ረስቶ።
«ሰርስረሽ ትከያቸው። ከዚያ ለኪ፤ ስንቱ ሰጠመ፣ ስንቱ ወጣ።
ቁጥር ጻፊ። የገረመሽን ለእናትሽ ጻፊው፣ ፖስተኛው ሲመጣ።»

ጻፈች።
ኅዳር ሦስት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ነፋስ ከምዕራብ።
ሙቀት ከዜሮ በታች ዐሥራ ዘጠኝ።
በእርሳስ ነው የምትጽፈው፣ ከብብቷ አውጥታ፤ ቀለም እዚያ ይረጋል፤
ጣትም ከጓንት ከወጣ፣ የማን እንደሆነ ይዘነጋል።

በግ አርቢዎቹ ከሸለቆው ሲወጡ የባዝራ ወተት ይዘው፣
«ምን ታጠኛለሽ?» አይሏትም፤ «ዘንድሮ ውኃው ይበቃል?» ነው።
ደብተሯን አይታ ትነግራቸዋለች።
አንዳንዴ ልክ ትሆናለች። አንዳንዴ ይምሯታል።

ከዚያ አገሩ ቀለጠ።
በረዶው አይደለም፤ አገሩ፣ ማኅተሙ፣ ባንዲራው፣ ደሞዙ።
ጄኔሬተሩን፣ ምድጃውን፣ የመስኮቱን መስታወት ጭነው ተጓዙ።
አርካዲ ሊቮቪች ኦምስክ፣ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ እዚያው ሞተ፤
አናርኩል ቢሽኬክ ገበያ ካልሲ ዘረጋች፤ ሳይንሱ ሣጥን ውስጥ ተከተተ።
በረዶ ሲጥል ከደንበኛ ፊት ዘወር ብላ
በእጅጌዋ ትቀበለዋለች፤ የቅንጣቱን ጥግ ልትቆጥር።
«እቴ፣ ዋጋው ስንት ነው?»
«ስድስት፤» ትላለች።

ዐሥራ ሦስት ዓመት።
ስትመለስ፣ ባለ ሳተላይት፣ ባለ ባትሪ ወጣቶች ተከትላ፣
ደብተሯ ላይ ዐሥራ ሦስቱ መስመር ባዶ ነበር፣ እንደ ወለቀ ጥርስ።
የጣቢያው ፈረስ ጠባቂ ሱዩንበክ፣ ፊደል ያልቆጠረው፣
መስኮት አልባው ቤት ደጃፍ ቆሞ አገኘችው፣ የፈረስ ጭራ ገመድ ይዞ።
«መስከረም መስከረም እወጣ ነበር፤ ሰው እንዳያጣ ብዬ፤
ዘንጉ ሲወድቅ መልሼ ተከልሁ፤ ለካሁት በክንዴ፣ ቋጠሮ ጥዬ።»

ዐይኗን ጨፍና ዳሰሰችው። ዐሥራ ሦስት። ያ ገመድ
ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ እየረዘመ ነው የሚሄድ።
የቀለጠው ነው። እያጠረ የሚረዝም ሌላ ነገር አላውቅም።

ክንዱን በሜትር ለካች፣ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ።
መሀል ጣቱን ውርጭ በልቶታል።
«ከስንተኛው ቋጠሮ በኋላ?» አለችው፤ ከማዘኗ በፊት።
ከስድስተኛው። ስለዚህ ሁለት ክንድ፣ ሁለት ሒሳብ።
ጽሑፉን ለመጽሔት ስትልክ ገምጋሚዎቹ ጠየቁ፦
መሣሪያው ምንድን ነው? ስሕተቱስ ምን ያህል ነው?
«ገመድ፤» ብላ መለሰች። «ስሕተቱ አንድ ጣት።»

አሁን ስድሳ ሦስቷ ነው። ዐይኗን ነጩ ብርሃን ነክሶታል፤
ሰባተኛው ዘንግ የቆመበትን ጠጠርና ጭቃ ወርሶታል።
ወጣቶቹ ከጥልቁ ያወጡትን በረዶ ስባሪ ሲሰጧት
ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ትጥለውና ጆሮዋን ታስጠጋለች።
ጠሽ፣ ጠሽ ይላል፤ ሦስት መቶ ዓመት የታሰረ አየር፣
የድንጋይ ከሰል ጢስ ያልደረሰበት።
ታሸተዋለች። ምንም አይሸትም።
የገረማትን የምትጽፍላት እናት ከሞተች ቆየች።
ሱዩንበክም ጆሮው ከብዷል፤ ብርጭቆውን አይቶ
«ምን ይላል?» ይላታል።

እርሳሷን ከብብቷ ታወጣለች።
ኅዳር ሦስት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ነፋስ ከምዕራብ።
ሙቀት ከዜሮ በታች አራት።
የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ትላለች፤
ትጽፈዋለች።