የቅጠሉ ጀርባ

ጎህ ሳይቀድ ገባሁ፣ መልካ ጀብዱ ጥጥ ውስጥ፣
ሃምሳ ተክል ልቆጥር፣ ጀርባ ጀርባ ልገልጥ።
እርሳሴ ጆሮዬ ላይ፣ ደብተሬ በጉያ፣
ሰማዩን አነባለሁ፣ ሁሌ መጀመሪያ።
ቅጠል ፊቱ ደግ ነው፣ ለፀሐይ የሚስቅ፤
ገልብጠህ ካላየህ፣ ጉዱ የት ሊታወቅ።

ሰኔ ደርቆ ገባ። ነፋሱ ከአፋር በኩል
ምድጃ እንደከፈቱበት ፊት ይለበልባል።
አቧራው ቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት ሲቆም፣
ነጭ ዝንብ ተነሣ፤ ቁጥር አልያዘውም፤
ስነካው ብን የሚል፣ ስተወው የሚያርፍ።
ክሽክሹም ከሥሩ፣ ጠጥቶ የማያልፍ፣
የጠጣውን ወለላ አድርጎ የሚያፈስ፣
ጉንዳን የሚጠራ፣ ጥጡን የሚለውስ።

አክስቴ መፍቱሃ
ድሬ፣ ፈትል ክፍል ሳለች፣
ክሩ ጣቷ ላይ ሲጣበቅ፣ ማሽኑን አቁማ፣
«መልካ ጀብዱ አልዘነበም» ትል ነበር፣
ወሬ ሳትሰማ።
ጥንቆላ መስሎኝ ነበር፣ ልጅ ሆኜ፣ ያኔ፤
ለካ እሷም ቆጣሪ ነበረች፣ እንደኔ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ሌሊት፣ ቆርቆሮው ጮኸ።
የመስኖው ዘበኛ ሮብሌ፣
በዝናብ ተወልዶ በሶማልኛ ዝናብ የተባለው፣
ሽርጡን ሰብስቦ ጭቃው ላይ ዘለለ፤
«ስሜ መጣ!» አለ።

ጠዋት ገለበጥኩ፤ ጀርባው ታጥቦ ንጹሕ።
ነጭ ዝንብ የለም። ክሽክሹ ቦዩ ውስጥ ተንሳፏል።
ዜሮ ጻፍኩ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣
ክብ ክብ፣ እንደ ጠብታ።
አለቃችን ኢብሳ አየና
«በሉ መርጫውን አውርዱ» አለ፣ ከጫንቃ።

ደመናው ግን አልሄደም።
ሦስት ሌሊት ወበቅ፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት፤
ፋኖሱን የእሳት እራት ሲዞረው አመሸ።
በአራተኛው ቀን ከለጋው ጫፍ ላይ
እንቁላል፤ አንዲት፤ ከሰናፍጭ የምታንስ።
አጠገቧ ሌላ።
ጓይ ትል ነው። ሳምንት ቆይቶ ፍሬውን ይበሳል፣
እንደ ባለቤት ገብቶ፣ ከውስጥ ተቀምጦ ይበላል።

ሮብሌ ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየ፤
ዝም አለ፤ ከዚያ
«ስሜ ምን አደረገ?»
ምን ልበለው?
አንዱን አጠበና፣ አንዱን አሳደገ።

ከዜሮዎቹ ሥር ጻፍኩ፦ ሃምሳ ተክል፣ ሰባት እንቁላል።
ሰማይ፦ ዳመናማ።
ኢብሳ መርጫውን መልሶ ሲያሸክም፣
ድሬ በሚገባው ባጃጅ ለአክስቴ ላኩባት፤
ጡረታ ወጥታም መጠየቅ አልተወችም፦
«ዘንድሮ ክሩ አይጣበቅም፣
ካለ ነው።»