የተሳፋሪ መዝገብ

የተጸነሰበትን ሌሊት እኔ አላውቅም፤
ባለጀልባ ነኝ እንጂ የሰው በር አልጠብቅም።
የማውቀው ይህን ነው፦ ሚያዝያ ሲጋመስ፣
ድንቹ ተቆፍሮ በጆንያ ሲታፈስ፣
በቺሎዌ ሰማይ ዝናቡ ሲመለስ፣
ሊሳንድሮን ከኬዮን ወደ ደሴቷ አመጣሁት፤
ፈቃዱ አሥር ቀን ነው፤ በአሥራ አንደኛው ወሰድኩት
ወደ ሳልሞን እርባታው፣ ወደማያልቅ ዕዳ፣
ኮፍያውን ረስቶ በዶሚቲላ ጓዳ።

ኮፍያ ብቻ መስሎኝ ያን ቀን የተረሳው።

በሰኔ ተሳፈረች። ነፋስ የለ፣ ሞገድ የለ፣
ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ተንጣለለ፤
እሷ ግን የጀልባዬን ጠርዝ ይዛ አስመለሳት።
«ቤንዚኑ ነው፣ ኤላዲዮ» አለች። ዝም አልኳት።
ዓሣ ስትዘረግፍ ያደገችን ልጅ
ቤንዚን አይጥላትም፤ ቢጥላት ሌላ እጅ።

ስንመለስ ነገረችኝ፤ አዋላጇ ኖልፋ
በማሽኗ መስኮት አሳይታታለች።
«ከመልሕቅህ ሰንሰለት
ሩብ አይሞላም» አለች «የአንዷን ቀለበት፤
ልቡ ግን ይመታል።»
የኔ ሞተር ጠዋት ጠዋት ሃያ ጊዜ ያስለምናል፤
የሱን ማን ገመዱን ሳበው? ማን ቤንዚን ቀዳለት?

ክረምቱ ከበደ። በሐምሌ አማራት፤
ማር አይደል፣ ወተት አይደል፣ የመልሕቄ ዝገት!
ሰው የማያይ መስሏት ጣቷን ስትልሰው
አየሁና ፊቴን ወደ ደመናው መለስኩት።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ መሃል ባሕር ላይ፣
«ሞተሩን አጥፋልኝ» አለች።
አጠፋሁት።
ውሃው ወደፈለገው ወሰደን።
እጇን ከሹራቧ ሥር አድርጋ ጠበቀች፤
እኔም ጠበቅኩ፣ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ።
አንድ የባሕር ወፍ አለፈ።
«ዓሣ ተገላበጠ» አለች፣
«እዚህ።»

ያን ዕለት በመዝገቤ «ሦስት ሰው» ብዬ ጻፍኩ።
የወደቡ ሹም ቆጥሮ፣ ደግሞ ቆጥሮ፣
«ሁለት ነው የሚታየኝ» አለ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
«ሦስተኛው ከታች ክፍል ተኝቷል» ብለው፣
«ያልተወለደ መንገደኛ በሕግ የለም» ብሎ
በቀይ ሰረዘው።

ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ራሷ መሰከረች፤
እሷ ወደተቀመጠችበት በየወሩ አዘነበለች።
የጋዝ ሲሊንደሩን ወደ ግራ አዞርኩ፤
በኅዳር ደግሞ አንድ ጆንያ ድንች ጨመርኩ።
እግሯ አብጦ የባሏን ቦት ጫማ አጠለቀች፤
ከጎድኗ ሥር ቦታ ያጣ ትንፋሿን እየጎተተች
ደረጃውን ስትወጣ ሁለቴ ታርፍ ነበር።
በታኅሣሥ ማለቂያ ግን ሆዷ ዝቅ አለና
እህ ብላ ተነፈሰች፤ ወሯ ገብቶ ነበርና።

የጥር ሌሊት። መሃል መንገድ።
ሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።
ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ወለል ላይ ውሃ ጠልቄያለሁ፤
ከባሕር ያልገባ ውሃ ገና ያን ሌሊት አየሁ።
ለብ ያለ ነበር።
ምጡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞም ይመጣል፤
ማዕበል ነው አልልም፤ ማዕበልን ሰው ይለምነዋል፣
እሷ ግን ትሰድበው ነበር፣
ሊሳንድሮን ጨምራ፣
እኔንም።

ኬዮን ደረስን። ኖልፋ በተሽከርካሪ አልጋ ወሰደቻት።
በሩ ተዘጋ።
ከበሩ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም፤
ባለጀልባ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደቡ ላይ መጡ።
ሴት ናት፤ ዐይኗ እንደታሸገ ደብዳቤ፣
እስከ ቅንድቧ የወረደ
የሊሳንድሮ ኮፍያ ራሷ ላይ።
«ሦስት» ብዬ ጻፍኩ።
ሹሙ ቀዩን ብዕር አነሣ፣ አየኝ፣ ወደ ጥቅሉ አጎነበሰ።
«የነሐሴዋ ናት?»
«ናት።»
ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ሞተሩ ግን በሃያኛው ነው የተነሣው።